አስታ፣ ፒፓና ሰው ሠራሽ ሙጫ

የደጋ ልጅ የሆናችሁ ሁሉ አስታን ሳታውቁት አትቀሩም። ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነ፣ አበባው ነጭና ጥቃቅን፣ ንብ የሚወደው ተክል ነው። አንዳንድ ቦታ ከወገብ የማይበልጥ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ ከቅርንጫፉ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር የሚንጠለጠልበት ዛፍ ይሆናል። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በባሌ፣ እዚሁ አጠገባችንም በእንጦጦ ይገኛል። በኦሮምኛ ሳቶ ይባላል፤ የሳይንስ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ ነው። ገበሬው የሚያውቀው ከሁሉ በፊት በማገዶነቱ ነው።

ታዲያ ይኸው የኛ አስታ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያም ይበቅላል። የፈረንሳይና የጣሊያን ባለሙያዎች ከግንዱ ሥር ያለውን ዕብጠት እየቆፈሩ አውጥተው ከ150 ዓመት በላይ የትንባሆ ፒፓ ሲሠሩበት ኖረዋል። ፈረንሳዮች ብሩየር፣ እንግሊዞች ብራየር የሚሉት ዝነኛው የፒፓ እንጨት ሌላ ሳይሆን አስታ ነው። ይህን በሳይንስ ክበባችን ስናነሣ ከአባላቱ አንዷ "እንዴ! ያ የማገዶ እንጨት?" ብላ ነበር። አዎ፣ ያው እሱ።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ይታወቅልን። ይህን ያነበበ ፒፓ ይግዛ ማለታችን አይደለም። ትንባሆ በፒፓም ተጨሰ በሲጋራ፣ በጋያም ተጨሰ በሺሻ፣ ያው ትንባሆ ነው። የፒፓ ጢስ ወደ ሳንባ ባይሳብ እንኳ ለአፍ፣ ለጉሮሮና ለምላስ ካንሰር እንደሚያጋልጥ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። በመላው ዓለም በትንባሆ ምክንያት የሚሞተው ሰው በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ነው። አገራችንም የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2014 አጽድቃለች፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስ ተከልክሏል፤ የሺሻ ንግድም እንዲሁ።

እንግዲያው ስለ ፒፓ ማውራቱ ምን ያደርግልናል? ፒፓ ትንሽ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን እሳት፣ እንጨት፣ ፕላስቲክና የሰው አፍ ባንድ ጊዜ የሚገናኙባት ዕቃ ናት። ፕላስቲክ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ የትኛው ሙቀት እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ለማስረዳት ከእሷ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ነገ ክፍል ገብተን "ፕላስቲክ በሙቀት ይቀልጣል" ብለን የምናስተምረው ልጅ፣ ቤቱ ሲገባ የመጥበሻው ፕላስቲክ እጀታ ሳይቀልጥ ያገኘዋል። ማታ ደግሞ ጎረቤት ከሰል በፌስታል ሲያቀጣጥል ያያል። የኛ ትምህርትና የልጁ ዓይን ካልተስማሙ የሚሸነፈው ትምህርቱ ነው።

ለመሆኑ አስታ ለምን ተመረጠ? እንጨት እሳት ውስጥ ሲገባ መንደዱ የታወቀ ነው። እንጨት ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይከስላል፤ በፒፓ ውስጥ የሚነደው ትንባሆ ግን እስከ 500 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይሞቃል። በዚህ ሒሳብ አንድም የእንጨት ፒፓ ሳምንት ሊሰነብት አይገባውም ነበር። የአስታ ምስጢር ያለው ከግንዱና ከሥሩ መጋጠሚያ ላይ በሚያበቅለው ዕጢ መሰል ዕብጠት ነው። ይህ ዕብጠት ተክሉ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ጎተራ ነው። ውሃና ምግብ ያከማችበታል፤ ተኝተው የሚጠብቁ እምቡጦችም በውስጡ አሉ። ሰደድ እሳት ግንዱንና ቅጠሉን ቢበላው፣ ዝናብ ሲመጣ ከዚህ ዕብጠት አዲስ ቀንበጥ ይወጣል። በባሌ ተራሮች ከብት አርቢዎች አስታውን ሲያቃጥሉት ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የዕብጠቱ እንጨት እንደ ግንዱ አይደለም። የግንድ እንጨት ጭረቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ በሙቀት ጊዜ በዚያው መሥመር ይሰነጠቃል። የዕብጠቱ ጭረት ግን የተጠማዘዘና የተወሳሰበ ስለሆነ ስንጥቁ መንገድ አያገኝም። በጣም ጥቅጥቅ ያለ ነው። በውስጡ ሲሊካ አለበት፤ ሲሊካ ማለት አሸዋና ብርጭቆ የሚሠሩበት፣ እሳት የማይበላው ነገር ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ከትንባሆው የሚወጣውን እርጥበት ይመጥጣል። ከጥቂት ጊዜ አገልግሎት በኋላ የፒፓው ውስጠኛ ግድግዳ በስስ የከሰል ሽፋን ይለበጣል፤ ይኸው ሽፋን እንጨቱን ከእሳት ይጋርደዋል።

ሥራው ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ለፒፓ የሚበቃ ዕብጠት ለማፍራት ተክሉ 30፣ 40፣ አንዳንዴም 60 ዓመት ይፈጅበታል። ከተቆፈረ በኋላ እርጥበቱ እንዳይጠፋ ተሸፍኖ ይቆያል፤ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃላ! ከዚያ በመጋዝ ተቆራርጦ በፈላ ውሃ ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል። ይህ የሚደረገው መራራውን ፈሳሽና ሙጫውን ለማውጣት ነው። ቀጥሎ በጥላ ሥር ለወራት፣ በአንዳንድ ቤትማ ለዓመታት እንዲደርቅ ይተዋል። ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ ስሟ የገነነው በፈረንሳይ ጁራ ተራሮች ያለችው ሳን ክሎድ የምትባል ከተማ ናት።

ከብራየር በፊትስ ሰው በምን ያጨስ ነበር? በሸክላ፣ በድንጋይ፣ በብረት፣ በቀንድ። ቱርኮች በእስኪሼህር አካባቢ ከሚቆፈር የባሕር አረፋ ከሚባል ቀላልና ነጭ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ያው ድንጋይ በኬንያና በታንዛኒያ ድንበር በአምቦሴሊ አካባቢም ስለሚገኝ በአሩሻ ፒፓ ተሠርቶበታል። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ በሚዙሪ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ይሠራሉ። ርካሽ ነው፣ ይቃጠላል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይገዛል።

የኛ አገር ጋያ ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ትንባሆ ወደ አገራችን የመጣው አውሮፓውያን ከአሜሪካ ካመጡት በኋላ ነው፤ በደቡብና በምዕራብ፣ በአርሲና በጉራጌ፣ እስከ ጋምቤላ ድረስ የየራሱ የማጨሻ ዕቃ ተፈጠረለት። በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ታወግዘው ስለነበር ብዙም አልተስፋፋም። አፄ ዮሐንስ 4ኛማ አጫሹን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን እስከ ማስቆረጥ ይቀጡ እንደ ነበር የዘመኑ መንገደኞች ጽፈዋል። ጋያውን እንደ ዕቃ ካየነው ግን ሠሪው ብልህ ነበር። ትንባሆው የሚነድበት ትንሽ ጎድጓዳ ክፍል ከሸክላ ነው። ጢሱ የሚያልፍበት ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ነው። ውሃ የሚይዘው ሆድ ደግሞ ቅል ነው። ቅል እሳት ቢነካው ባንዴ ይነድዳል፤ እዚህ ግን እሳት አይደርስበትም፤ ውሃ ስላለበትም አይሞቅም። ሸክላው እሳቱን ይችላል፤ ቅሉ ቀላልነቱን ይሰጣል። አንዱ ዕቃ ሁሉን እንዲችል አልተጠየቀም፤ እያንዳንዱ በሚችለው ቦታ ገባ። ይህን ነገር በደንብ ያዙት፤ ወደ ታች ሰው ሠራሹ ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል። ደቡብ አፍሪካውያን ከቅል ሠርተው ለእንግሊዞች የሸጡት፣ እሳት የሚነካው ክፍሉ ግን ከባሕር አረፋ የሆነው ፒፓም የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ሰው ሠራሹ እንምጣ። ሰው ሠራሽ ነገር ወደ ፒፓ የገባው በአፍ በኩል ነው። በጥርስ የሚያዘው ጫፍ ድሮ ከቀንድ፣ ከአጥንትና ከአምበር ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ማጠንከር እንደሚቻል ደረሰበት። ድኙ ትንሽ ከሆነ የመኪና ጎማ ይሆናል፤ ከሢሶው እስከሚጠጋ ቢበዛ ግን እንደ ቀንድ የጠነከረ ጥቁር ነገር ይወጣል። ይህም ኤቦናይት ይባላል። የፒፓ ጫፍ እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከዚሁ ነው፤ ለጥርስ ለስለስ ይላል። ጉድለቱ ፀሐይ ሲመታው ድኙ ወደ ላይ እየወጣ አረንጓዴና መራራ መሆኑ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ ቀለሙን አይለቅም፤ ግን ደረቅ ነው፣ ጥርስ ያሳክካል። እሳት እዚያ ስለማይደርስ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ቅሉን አስታወሳችሁ?

ችግሩ የመጣው ትንባሆው በሚነድበት ክፍል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሜዲትራኒያን የሚመጣው ብራየር ለአሜሪካ ተቋረጠ። ፒፓ ሠሪዎቹ በካሊፎርኒያ ማንዛኒታ የሚባል ቁጥቋጦ አገኙ፤ በምሥራቅ ተራሮች ደግሞ ላውረል የሚባለውን ቆፈሩ። ሁለቱም የአስታ የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ እነሱም ሥራቸው ያብጣል። ሰላም ሲወርድ ብራየሩ ተመለሰ፤ ሐሳቡ ግን አልጠፋም። ከውጭ የሚመጣ፣ 40 ዓመት የሚያስጠብቅ እንጨት ለምን እንጠብቃለን? በፋብሪካ በደቂቃ ብንሠራውስ? አሉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ፕላስቲክ ስንት ዓይነት እንደ ሆነ መለየት አለብን። በጠቅላላው በሁለት ይከፈላል። አንደኛው እንደ ሻማ ነው፤ ስታሞቀው ይቀልጣል፣ ሲበርድ ይጠነክራል፣ ደግመህ ብታሞቀው ደግሞ ይቀልጣል። ጀሪካን፣ ፌስታል፣ ባልዲ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ናይለን፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። ጀሪካኑ ወደ 130 ዲግሪ፣ ናይለን እንደ ዓይነቱ ከ220 እስከ 260 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣሉ። ቆራሌው የሚሰበስበው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ቀልጦ እንደገና ሌላ ዕቃ ይሆናል። ሁለተኛው እንደ እንቁላል ነው። የእንቁላል ነጭ ጥሬው ፈሳሽ ነው፤ ከተቀቀለ በኋላ ግን ምንም ብታደርጉት ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም። ብታበዙበት ያርራል እንጂ አይቀልጥም። የመጥበሻ እጀታ፣ የድሮ ጥቁር ሶኬት፣ የማብሪያ ማጥፊያ ሽፋን ከዚህ ወገን ናቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከውስጥ አሠራራቸው ነው። ፕላስቲክ ሁሉ ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይሠራል። በመጀመሪያው ዓይነት ሰንሰለቶቹ እንደ ተከመረ ክር ናቸው፤ ሲሞቁ አንዱ ባንዱ ላይ ይንሸራተታል፣ ነገሩ ይፈስሳል። በሁለተኛው ዓይነት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንደ ዓሣ መረብ ተቋጥረዋል። መረብ ይዘረጋል፣ ይቀደዳል፣ ይቃጠላል፤ ክሩ ከክሩ ተንሸራቶ ግን አይፈስስም። ለዚህ ሁለተኛ ዓይነት መንገዱን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1907 በኒው ዮርክ አጠገብ በዮንከርስ ይሠራ የነበረው ቤልጂግ ተወላጅ ኬሚስት ሊዮ ቤክላንድ ነው። ፌኖልንና ፎርማልዴሃይድን አዋሕዶ አዲስ ሙጫ ሠራና በስሙ ቤክላይት አለው። ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ የተሠራ የመጀመሪያው ፕላስቲክ ይህ ነው፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ከጥጥ፣ ከወተትና ከላስቲክ እየተነሡ የተሠሩ ነበሩ።

እንግዲህ የፒፓ ፋብሪካዎች የተነሡት ከዚሁ ከእንቁላሉ ወገን ነው፤ ከሻማው ወገንማ ቢነሡ ኖሮ አጫሹ ፒፓውን ይጠጣው ነበር። ኤስ ኤም ፍራንክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ብራይሎን የሚባል ነገር አወጣ። ሙቀት የሚችል ሙጫ ከእንጨት ዱቄት ጋር ተለውሶ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጋገራል። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል፤ ቀለም ቢቀቡት ከሩቅ ብራየር ይመስላል።

በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ ለሮኬት አፍንጫና ለጢስ መውጫ ግራፋይት የሚያዘጋጅ ሱፐር ቴምፕ የሚባል ኩባንያ ከዚህ የበለጠ ነገር ሞከረ። ግራፋይት የእርሳስ ልብ ነው፤ ይህኛው ግን በከፍተኛ ሙቀት ከጋዝ በንብርብር እንዲጋገር የተደረገ ነው። ጠባዩ ያስገርማል። በንብርብሩ ርዝመት ሙቀትን እንደ መዳብ ይሮጥበታል፤ ከንብርብር ወደ ንብርብር ግን አያሳልፍም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ይህን ከፕላስቲኩ ጎድጓዳ ውስጥ እንደ ሽፋን አስገቡት። እሳቱ ግራፋይቱን ይነካል፣ ሙቀቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይበተናል፣ ፕላስቲኩ ግን አይደርስበትም። ጋያ ሠሪው በሸክላና በቅል የሠራውን እነሱ በሮኬት ዕቃ ሠሩት! ፒፓውን በእንግሊዝኛ ዝም ብለው "ዘ ፓይፕ" አሉት፤ በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በነጭ ቀለም ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተሸጦ ሥራው ቆመ።

ለምን ቆመ? አልተቃጠለም፣ አልቀለጠም፣ አልተሰነጠቀም። ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት እንሥራንና ጀሪካንን ማሰብ ይበቃል። በእንሥራ የተቀመጠ ውሃ በቀትር እንኳ ይቀዘቅዛል። ሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ውሃው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያልባል፤ ላቡ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ጀሪካን አያልብም፤ ስለዚህ ውሃው ይሞቃል፣ የፕላስቲክ ጣዕምም ይይዛል። እንሥራ ከባድና ተሰባሪ ነው፤ ይኸው የሴቶቻችንን ጀርባ ያጎበጠው እሱ ስለ ሆነ ጀሪካን ሲመጣ ማንም አላለቀሰለትም፤ ትክክልም ነው። ለማቀዝቀዝ ግን እንሥራው ይበልጣል። ትንባሆ ሲነድድ እንፋሎት ይወጣዋል። እንጨቱ ይመጥጠዋል፣ ከዚያ ሲቀመጥ ያደርቀዋል። ሰው ሠራሹ ግን አይመጥጥም፤ እርጥበቱ ከታች ይጠራቀምና ጢሱ ይሞቃል፣ ምላስ ይለበልባል። ብራይሎን እንዲያ ነው የሆነው። በሙቀት የተፈተነው ሁሉ በቀዳዳ ወደቀ ማለት ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ "500 ዲግሪ ይችላል ወይ?" ብቻ ተጠየቀ እንጂ "ላብ ይመጥጣል ወይ?" ተብሎ አልተጠየቀም፤ የኛም አስተያየት ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው የሚል ነው።

ይህ ሁሉ የፈረንጅ የፒፓ ወሬ ከመሰላችሁ እስቲ ወደ ሠፈራችን እንመለስ። በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ምዕራፍ 20 ሼዶች ነበሩት፤ የተያዙትም በአብዛኛው በልብስ ስፌትና በቆዳ ሥራ ነው። ለተግባር ልምምድ በምንወጣባቸው በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ከሚማሩት ልጆች የስንቱ እናትና እኅት እዚያ መኪና ላይ እንደምትውል እናንተም ታውቃላችሁ። እዚያ የሚሰፋው ጨርቅ ጥጥ ብቻ አይደለም። ፖሊስተር አለ፣ ናይለን አለ፣ የሁለቱ ከጥጥ ጋር ቅልቅል አለ። የልብስ ዚፕ ናይለን ነው፤ የሚሰፋበት ክርም ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ነው።

አንድ የሚገርም ነገር እንንገራችሁ። የሃይላንድ ጠርሙስና የፖሊስተር ጨርቅ አንድ ነገር ናቸው። ያው ፕላስቲክ ቀልጦ በሻጋታ ሲነፋ ጠርሙስ ይሆናል፤ በጥቃቅን ቀዳዳ ተጨምቆ ሲወጣ ደግሞ ክር ይሆናል። የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ ነው፤ መለስለስ የሚጀምረው ግን ወደ 75 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው በጠርሙስ የፈላ ሻይ ስትጨምሩ ኩምትር የሚለው። ካውያ ለጥጥ የሚስተካከለው ወደ 200 ዲግሪ ነው፤ ይኼ ሙቀት ናይለን ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ከካውያው ጋር ይጣበቃል፤ ፖሊስተሩም ያብለጨልጫል፣ ይኮማተራል። በልብስ ላይ በሚለጠፈው ምልክት የካውያ ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ ሦስት ነጥብ የሚደረገው ያለ ነገር አይደለም። አንድ ነጥብ ዝቅተኛ ሙቀት፣ ሦስት ነጥብ የጥጥና የበፍታ ሙቀት ነው።

አሁን ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ተመልከቱ። ድሮ ከቀንድ፣ ከአጥንትና ከቀንድ አውጣ ቅርፊት ይሠራ ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ከፖሊስተር ሙጫ ነው። ስሙ ከጨርቁ ጋር አንድ ነው፤ ጠባዩ ግን የተለየ ነው። የቁልፉ ሰንሰለት እንደ መረብ የተቋጠረ ነው፤ ስለዚህ ካውያ ቢነካው አይፈስስም። ጨርቁ የሻማ ወገን፣ ቁልፉ የእንቁላል ወገን፣ ሁለቱም ፖሊስተር! ልጆችን "ፕላስቲክ ይቀልጣል" ብሎ ብቻ ማስተማር የማይበቃው ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንለው ቀልድ የለበትም። በየሠፈሩ ከሰል ሲቀጣጠል ፌስታል፣ የጀሪካን ስባሪ፣ የጫማ ሶል ከሥር ይገባል። በርግጥ ቶሎ ይይዛል፤ ጀሪካንና ፌስታል ከነዳጅ የተሠሩ ናቸውና። ፌስታሉ ብቻ እንኳ ሲነድድ ጥቀርሻና የተመረዘ ጢስ ይሰጣል። ከዚያ የከፋው ፒቪሲ የሚባለው ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ፣ የቧንቧ ስባሪ፣ አንዳንዱ አርቲፊሻል ቆዳ ከእሱ ነው። ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ከእርጥብ ነገር ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል። ዓይናችንና ሳንባችን እርጥብ ናቸው። ናይለንና ስፖንጅ ሲነድዱ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ ሊያወጡ ይችላሉ። የመጥበሻ እጀታውም እሳት ላይ ከተረሳ ባይቀልጥም ያርራል፤ ያ የሚያፍነው ሽታ ከተሠራበት ሙጫ የሚወጣ ነው። ምድጃው አጠገብ የሚቀመጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕፃን ልጅ ነው፤ ይሞቀዋል ተብሎ። ቡናው በዕጣን ነው የሚታጠነው፤ በፌስታል አይደለም።

እንዲሁም አንዳንድ ወጣቶች ከሃይላንድ ጠርሙስና ከጎማ ቱቦ የማጨሻ ዕቃ ሲሠሩ ይታያሉ። ከላይ ያነበበ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። በ75 ዲግሪ የሚለሰልስ ነገር ከፍም ጋር ሲጋጠም ጢሱ ወደ አፍ የሚሄደው ከፕላስቲኩ ጋር ነው። የፒፓ ፋብሪካዎቹ እንኳ ለትርፍ ሲሉ ያላደረጉትን ነው እነዚህ ልጆች የሚያደርጉት።

ለክፍል የሚሆን ሙከራ ከፈለጋችሁ ፕላስቲክ ማቃጠል ፈጽሞ አያስፈልግም። ሻማ በቆርቆሮ አቅልጡ፣ አቀዝቅዙ፣ ደግማችሁ አቅልጡ። አጠገቡ እንቁላል ቀቅሉና ልጆቹ መልሰው ጥሬ እንዲያደርጉት ጠይቋቸው፤ ይስቃሉ፣ ግን አይረሱትም። ስለ ሙቀት ማስተላለፍ ደግሞ የብረት፣ የእንጨትና የፕላስቲክ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አቁሙ፤ ጫፋቸው ላይ እኩል ቅቤ አስቀምጡ። በብረቱ ላይ ያለው ቀድሞ ይንሸራተታል። ስለ ቀዳዳና ላብ ለማሳየት አንድ ያልተቀባ የሸክላ ገንቦና አንድ ጀሪካን እኩል ውሃ ሞልቶ ጥላ ሥር ማሳደር ይበቃል። ቴርሞሜትር ባይኖር እጅ አለ።

አንድ ነገር ቀረን። ይህን ሁሉ ስንጽፍ "እንግዲያውስ አስታ በአገራችን ካለ ቆፍረን ለውጭ አንሸጥም ወይ? የውጭ ምንዛሪ አይደል?" ያሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው አያሳፍርም፤ መልሱ ግን ያው ዕብጠቱ ውስጥ ነው። አስታን ግንዱን ቢቆርጡት ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ቢያቃጥሉትም ያቆጠቁጣል። ዕብጠቱን ቢቆፍሩት ግን ያበቃለታል፤ የሚያቆጠቁጥበት የለውም። ፒፓ የሚሠራው ደግሞ ከዚያው ነው። የማገዶ ቆራጩ ቅርንጫፉን ሲወስድ፣ የፒፓ ቆፋሪው ነፍሱን ይወስዳል። በቦታው ሌላ ለማግኘት 40 ዓመት መጠበቅ ነው።

አስታ የሚበቅለው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ባለ ተዳፋት ነው፤ ጉምና ዝናብ እየያዘ ወደ ምንጭ የሚያወርድ እሱ ነው። በሰሜን ተራሮች የዋልያ መኖሪያና መደበቂያም ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ ከዚያ መዝገብ ለመውጣት እስከ 2017 ድረስ 21 ዓመት ፈጅቷል። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ የተነሣው ቃጠሎ አስታውንና ሣሩን ሲበላ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው የአካባቢውን ሕዝብ አግዘዋል። የተቃጠለው አስታ ዝናብ ሲጥል ከየዕብጠቱ አቆጥቁጧል። የባሌ ተራሮች ፓርክም እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከደጋ የመጣ አንድ የክበባችን አባል ያመጣው፣ በመንገድ ቁፋሮ ተነቅሎ የተገኘ የአስታ ዕብጠት ቁራጭ፣ ከአንድ የመጥበሻ እጀታና ከአንድ የሸሚዝ ቁልፍ ጋር በሰሌዳው ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ እስከ ዓርብ ይቆያል። በእጃችሁ እየያዛችሁ ክብደቱንና ጭረቱን ማየት ትችላላችሁ፤ እባካችሁ ወደ ቦታው መልሱት።

የሳይንስ ክበብ አዘጋጆች